ዲዛየር፣ ኮሮላ፣ ረሽ ወይስ አይዲ ፎር፦ ከኋላ ለሚቀመጡት የቱ ይመቻል?

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትህ እና ሁለት ልጆች፤ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ ለበዓል ደግሞ ደብረ ማርቆስ። ከሱዙኪ ዲዛየር፣ ከቶዮታ ኮሮላ፣ ከቶዮታ ረሽ እና ከኤሌክትሪኩ ቮልስዋገን አይዲ ፎር የየትኛው ውስጡ ይሰፋል፣ የየትኛውስ ወንበር ይመቻል ነው ያልከው። ስለ ቻርጅ፣ ስለ ነዳጅና ስለ መለዋወጫ ከእኔ በፊት የመለሱልህ በቂ ብለዋል፣ እሱን አልነካውም። እኔ ለአስጎብኚ ድርጅት ላንድክሩዘር ነድቻለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ደብል ጋቢና ይዣለሁ፣ አሁን ሜትር ታክሲ ላይ ነኝ። ሹፌር "መኪናው ይመቻል" ካለህ ስለ ራሱ ወንበር ነው የሚያወራው፣ አትመነው። የኋላውን የሚያውቀው ተሳፋሪ ነው፤ ተሳፋሪ ደግሞ ዝም አይልም።

መጀመሪያ "ደብል ጋቢና ግዛ፣ ሁሉን ይችላል" ላለህ ወንድም መልስ ልስጥ። መንገዱን ይችላል፣ ልክ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን አይችለውም። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፣ የሚጋደምበት ቦታ የለውም። ከስር ያለው ባሌስትራ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፤ ኩንታል ሲጫንበት ነው የሚረጋው። ከኋላ ትይዩ አግዳሚ ያለው ሀርድቶፕ ላንድክሩዘርማ አይነሳ። ከውጭ ሲያዩት ቤት ያህላል፣ ግን በጎን ተቀምጠህ ዓባይ በረሃን ስትወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎረቤትህ ላይ ትደገፋለህ፣ ማስመለስም የሚጀምረው ከዚያ አግዳሚ ነው።

አሁን ወደ አንተ አራት መኪናዎች። ስፋት ሲባል ሰው የሚያየው ቁመናውን ነው፣ እኔ ግን ሁለት ቁጥር አያለሁ። አንደኛው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ነው፣ ለእግር የሚተርፈው ቦታ በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። ዲዛየር 2.45 ሜትር ነው። ኮሮላ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው 2.70፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ሞዴሎች 2.60። ረሽ 2.68 አካባቢ፣ አይዲ ፎር 2.77 አካባቢ። ሁለተኛው የጎን ስፋቱ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገረመው፦ ረሽ 1.695 ሜትር፣ ዲዛየር 1.735። አዎ፣ ያ ከፍ ብሎ የሚታየው ረሽ ከዲዛየር ይጠባል! ኮሮላው 1.775 አካባቢ፣ አይዲ ፎር 1.85። ከኋላ ሦስት ሰው ሲቀመጥ ትከሻ ለትከሻ የሚያጋጨው ይኼ ነው። ረሽ ቁመት እንጂ ወርድ የለውም። ሦስተኛው ረድፍ አለ ትለኝ ይሆናል፣ አለ፣ ግን ለልጅ ነው፤ እሱ ሲቆም ደግሞ ከበስተጀርባው የሚተርፈው ቦታ ለሁለት ሻንጣ ነው። የፋሲካ በግ ይዞ የሚመለስ ሰው ፖርቶመጋላ ማሠራቱ አይቀርም።

ዲዛየርን ሰው ይንቀዋል፣ ያለ አግባብ ነው። ህንድ ውስጥ ከ4 ሜትር በታች ያለ መኪና ቀረጡ ስለሚቀንስ 3.995 ላይ ነው ያስቆሙት፤ የቆረጡት ግን ከኋላ ጭራው እንጂ ከሰው እግር አይደለም። ረጅም ሰው ካልነዳ በስተቀር ከኋላ ሁለት ሰው ተመችቶት ይሄዳል። ሦስተኛው ሲጨመር ነው ነገሩ የሚበላሸው፣ መሃል የተቀመጠው ሰው ወይ ወደፊት ይጎነበሳል ወይ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል።

የእናትህ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ለእሳቸው ዋናው ቁጥር ወንበሩ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ከሐኪም ቤት የማመላልሳቸው አንዲት እናት አሉ። ዲዛየር ስይዝ የበሩን ጫፍ ጨብጠው ጀርባቸውን ያዞራሉ፣ ቀስ ብለው ዝቅ ሲሉ መጨረሻ ላይ እግራቸው ይከዳቸውና ዘፍ ይላሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ይሰበስቡና ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ያስገባሉ። ሲወርዱ ይብሳል፣ እጄን ሳልሰጣቸው አይነሱም። ኮሮላውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ያው ነው። ረሽ በተቃራኒው ከመሬት 22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ መውጣት አለባቸው። መሆን ያለበት በሩን ከፍተህ አጠገቡ ሲቆሙ የወንበሩ ጫፍ ዳሌያቸው ጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ሳይወርዱም ሳይወጡም ወደ ጎን ነው የሚቀመጡት። ከአራቱ ለዚህ የሚቀርበው አይዲ ፎር ነው።

"እናቴ ጋቢና ነው የሚቀመጡት" ካልክ ነገሩ ይቀላል፣ ዲዛየርም ይበቃሃል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ታደርግላቸዋለህ። ግን እናቶችን እናውቃቸዋለን፤ "ጋቢናው ለባለቤትህ ይሁን፣ እኔ ከልጆቼ ጋር" ብለው ከኋላ መሃል ላይ ነው የሚገቡት።

የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ነገር አለው፣ ሻጭ አይነግርህም። ባትሪው ከወለሉ ስር ስለተነጠፈ የኋላው ወለል ከፍ ይላል፣ ወንበሩ ግን የዚያን ያህል አይነሳም። ውጤቱ ጉልበትህ ወደ ላይ ይወጣና ጭንህ ከወንበሩ ይነሳል፤ ክብደትህ በሙሉ መቀመጫህ ላይ ያርፋል። ለቦሌ አይታወቅህም፣ ጎሐ ፅዮን ስትደርስ ግን መገላበጥ ትጀምራለህ። አጭር ሰው ላይ ብዙም ችግር የለውም፣ ረጅም ሰው ላይ ነው። ጥሩ ጎኑ ወለሉ ልሙጥ መሆኑ ነው፣ መሃል የተቀመጠው ልጅ እግሩን እንደልቡ ያደርጋል። እዚሁ ላይ፣ ርካሽ ነው ብለህ ሲጋል የሚባለውን ትንሹን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና እንዳትመለከት፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው ለአራት ሰው ነው፣ አምስተኛ ቀበቶ የለውም።

ለመንገዱ ደግሞ ከወንበሩ ይልቅ ጎማውን እይ። ትልቅ ቸርኬ ላይ ቀጭን ጎማ የተገጠመበት አይዲ ፎር ያምራል፣ ኮብልስቶን ላይ ግን እያንዳንዷን ድንጋይ ይቆጥርልሃል። ተመሳሳዩ መኪና አነስ ባለ ቸርኬና ወፍራም ጎማ ሌላ መኪና ነው የሚመስለው።

ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ዲዛየር፣ ኮሮላና ረሽ ስትፈልግ የምታገኘው በአብዛኛው ያገለገለ፣ ሰው የተቀመጠበት ነው። ስለዚህ ስፖንጁን በቡጢ ጫነው። ሜትር ታክሲ የነበረ መኪና ከኋላ በቀኝ በኩል ይሰምጣል፣ ተሳፋሪው ከእግረኛ መንገዱ በኩል ስለሚገባ ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቀመጠው። ቀኙና ግራው እኩል ካልተመለሰ ኪሎሜትሩን አትመን። በወፍራም ሌዘር የተሸፈነም ከሆነ ገልጠህ እይ፤ በወንበሩ ጎን ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ያ ልብስ ኤርባጉን ስለሚያፍነው መነሳት አለበት። (የፋብሪካውን ላስቲክ ሳያነሱ ዓመት የሚነዱ ወገኖቼ፣ እባካችሁ! ዓባይ በረሃ ላይ ሱሪያችሁ ነው የሚጣበቀው።) በነገራችን ላይ ለዚያ ሙቀት ከኋላ የሚነፋ ኤሲ መኖሩንም ጠይቅ፤ ረሽ ጣሪያው ላይ አለው፣ ዲዛየር ላይ ከፍ ባሉት ደረጃዎች ነው ያለው።

የእኔ ምርጫ? ገንዘቡ ካለህ አነስ ያለ ቸርኬ ያለው አይዲ ፎር። ከሌለህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው ኮሮላ፣ እናትህን ጋቢና በማስቀመጥ። ረሽን ለስድስትና ለሰባት ሰው ቢሆን እንጂ ለአንተ አልመክርም፣ የምትከፍለው ለማትጠቀምበት ረድፍ ነው። በዚህ የማይስማማ የረሽ ባለቤት እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፣ ይናገር።

ለማየት ስትሄድ እናትህን ይዘሃቸው ሂድ። መጀመሪያ የሹፌሩን ወንበር ለራስህ አስተካክል፣ ከዚያ ራስህ ከኋላው ተቀመጥ፦ በጉልበትህና በፊተኛው ወንበር መካከል ቡጢ ይገባል? የእግርህ ጣቶች ከወንበሩ ስር ይገባሉ? ጭንህ እስከ ጉልበትህ አካባቢ አርፏል? ከዚያ እናትህና ሁለቱ ልጆች ከኋላ ይግቡ፣ አንተ አስፋልቱን ትተህ ኮብልስቶን ላይ ንዳ። ሻጩ "እዚሁ ዞር ዞር በል" ቢልህ አትስማው።

የልጆቹን ዕድሜ አልጻፍክም። ከሁለቱ አንዱ የሕፃን ወንበር የሚያስፈልገው ከሆነ ንገረኝ፣ እሱ ሲገባ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ ስለሚለወጥ ዲዛየርን ሙሉ በሙሉ ነው የማወጣው።