ወንበሬን ያደርቅልኝ የነበረው ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። የዘጠኝና የአምስት ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ደህና ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ጠብ የለም። ጎረቤት ሲታመም እጠይቃለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ከዕድር አልቀርም፣ ነዳያንን ባዶ እጃቸውን አልመልስም። ግን ደስታ የሚባል ነገር ጠፍቶብኛል። ባለፈው ሰሞን በርበሬ እየቀነጠስኩ ትንሹ ልጄ መጣና ‹እማዬ፣ ሳቂ እስቲ› አለኝ። መሳቅ አቃተኝ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ባስብ ባስብ አልመጣልህ አለኝ። ምን ሆኜ ነው? ደስታን ከየት ላምጣው?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ «ሳቂ እስቲ» የሚለው ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ። እኔ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች 34 ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የሰው ፊት ማንበብ ይችላሉ። ልጅሽ አንብቦሻል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ካቃተሽ፣ ይህም ሳምንታት ከዘለቀ ሐኪም አማክሪ። ጸበልሽንም ተጠመቂ፣ ሐኪሙንም አናግሪ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ነውርም የለውም።

ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። ለቅሶ ትደርሻለሽ። ትጠይቂያለሽ። ትሰጫለሽ። ሁሉም ካንቺ የሚወጣ ነው። ወደ አንቺ ስለመጣ ደግነት ግን አንድ መስመር አልጻፍሽም። አልመጣም ማለት ነው ብዬ አላምንም። አላየሽውም ብዬ ነው የማስበው። ይህን የምልሽ እኔም እንደዚያ ሆኜ ስለማውቅ ነው።

እናቴ ያረፈችበት ዓመት ነበር። ያን ጊዜ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር የማስተምረው። አገሩ ብርድ ነው። ክፍሉ ጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈሳል። የሚያፈሰው ደግሞ እኔ በምቀመጥበት በኩል ነው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሁለት ሦስት ቀን ወንበሬን ርሶ አገኘሁት። ፈቀቅ ላድርገው እንኳ አላልኩም። ሐዘን እንደዚያ ነው፤ ወንበር ለመግፋት ያህል አቅም አይተውልሽም። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ስገባ ወንበሩ ደረቅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ሲያድርም ደረቅ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ቁጭ እልና ስም መጥራት እጀምራለሁ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁና በማለዳ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ከተማሪዎቼ ሁሉ በቁመት ትንሹ ልጅ በጋቢው ጫፍ ወንበሬን ይጠርጋል። ቤቱ ሩቅ ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ ነው። ሲያየኝ ክው አለ። «እትዬ፣ እንዳይበርድዎት ብዬ ነው» አለኝ።

ጋቢውን ነካሁት። ጫፉ ጥምዝ ቢደረግ ውኃ ይወጣዋል። ያንን ጋቢ ለብሶ ነበር ለካ እስከ ስድስት ሰዓት ሲማር የሚውለው። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ያን ቀን ነው የወጣልኝ ልቅሶ ያለቀስኩት። ልጁ ደነገጠ። ያንኑ እርጥብ ጋቢ ይዞ እንባዬን ሊጠርግልኝ ተንጠራራ። አልደረሰልኝም። ወንበሩ ላይ ወጣና ጠረገልኝ። ያኔ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። የተጠረገው ወንበር እንደገና በጭቃ እግሩ ተበላሸ።

እታለም፣ እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ማንም የለኝም» እያልኩ ነበር። በየማለዳው የሚነሣልኝ ሰው እያለ!

ስለ መስጠቱም አንድ ነገር ልጨምር። ነዳያንን አልመልስም ብለሻል። እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔም አልመልስም ነበር። አገራችን የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት ጉባኤ ቤቶች ስማቸው የታወቀ ነው፤ ደጃችን ከቆሎ ተማሪ ተለይቶ አያውቅም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እኔ እንጀራ አመጣለሁ፣ አኮፋዳው ውስጥ እጨምራለሁ፣ ዞሬ እገባለሁ። ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። የአንዱንም ፊት አላስታውስም።

አንድ ቀን የልጅ ልጄ «ዛሬ እኔ ልስጥ» ብሎ እንጀራውን ተቀብሎኝ ወጣ። ቆየብኝ። ብወጣ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ተማሪው ከእሱ ቢበልጥ ሦስት ዓመት ነው። ለካ የኔው «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ ጠይቆታል። ያኛው ደግሞ ስለ ጉባኤ ቃና ያስረዳዋል። ጉባኤ ቃና ተማሪ ቅኔ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቆጥረው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን አይደግምም፣ የጓደኛውንም አይወስድም፤ ሁልጊዜ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት መቅረብ አለበት። ይኼ ልጅ የዚያን ቀኑን ሲያቀርብ መምህሩ «ይበል!» ብለውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው «ይበል» የተባለው።

ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረውም። እናቱ ሩቅ ናት። መንደር ለመንደር ሲዞር የዋለው ያን ደስታ በሆዱ ይዞ ነው። በየደጁ እንጀራ ይሰጡታል፤ ምን ተማርክ የሚለው ግን አላገኘም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እስቲ ለኔም በለው» አልኩት። ቆሞ፣ ደበሎውን አስተካክሎ፣ በዜማ አለው። ግዕዙን ሁሉ ተከትዬዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሲጨርስ እኔም የልጅ ልጄም በአንድ ድምፅ «ይበል!» አልን። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪው! ያን ቀን የሰጠነው እንጀራ ሁልጊዜ የምሰጠው እንጀራ ነው፤ የጨመርነው ሩብ ሰዓት ነው። እኔ ግን ሳምንቱን በሙሉ ቀልሎኝ ሰነበትኩ።

እንግዲህ ምን አድርጊ ልበልሽ? ብዙ አላዝሽም። ከሥራ ስትገቢ ወዲያው ወደ ጓዳ አትሩጪ። ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ ስልክሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቺው፣ ደጃፉ ላይ አሥር ደቂቃ ቁጭ በይ። ልጆቹ ይመጣሉ። አትጠይቂያቸው፣ አትምከሪያቸው፣ «ጫማህ ቆሸሸ» አትበያቸው። ትንሹ ስለ አንድ ድንጋይ ወይ ስለ ጎረቤት ዶሮ ሊያወራሽ ይችላል። እስኪጨርስ ስሚው። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃው ይረዝምብሻል። ወጡን ታስቢያለሽ። ግዴለም፣ ወጡ ይደርሳል።

ቡናም ስታፈዪ ለልጆቹ ሥራ ስጫቸው። ትልቁ ቄጤማውን ይጎዝጉዝ። ትንሹ «ቡና ደርሷል፣ ኑ» ብሎ ጎረቤት ይጥራ። አቦሉን ደግሞ ለትልቅ ሰው በሁለት እጁ ይዞ እሱ ያቅርብ። ይደፋዋል፤ ይድፋው። የተመረቀ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ ተመርቀሽ የለ? «እደግ፣ ተመንደግ» ሲባል ዞሮ የሚያየው አንቺን ነው። ያን ጊዜ ጀበናውን ሳይሆን እሱን እዪ።

ቡሄም ሲመጣ እንዲሁ። ነሐሴ 13 ልጆች «ሆያ ሆዬ» ብለው ደጅሽ ሲመቱ ብር ሰጥተሽ ቶሎ አትሸኛቸው። ሙልሙሉን ይዘሽ ውጪና ጨዋታውን እስኪጨርሱ ቁሚላቸው። ከመሀላቸው አንዱ ግጥሙን የረሳ፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አይጠፋም። እሱን ፈልጊው።

ጊዜው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ኑሮው፣ የመንገዱ ሥጋት፣ የሚሰማው ወሬ። ያን ረስቼ አይደለም ይህን የምጽፍልሽ። እናቴ በሞተችበት ዓመትም ሐዘኔ በወንበሩ አልጠፋም፤ ክረምቱን በሙሉ አብሮኝ ነበር። ግን ከዚያ ጠዋት በኋላ ክፍል የምገባው ዙሪያዬን እያየሁ ነው።

ሌላ ጥያቄ

«እትዬ፣ ባሕር ዳር ተከራይቼ የምኖር የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አከራያችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ‹እንዴት አደሩ› ከመባባል በቀር አንነጋገርም። አንድ ነገር ባደርግላቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ምን ፈልጎ ነው እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እንዴት ልጀምር?»

ብቸኛው ተከራይ

መልስ

ልጄ፣ ሐሳብህ ራሱ ደስ ብሎኛል። ግን እርዳታ ይዘህ አትሂድ። ሰው ሲያረጅ ጀሪካን የሚያነሣለት አያጣም፤ ከእሱ ዘንድ አንድ ነገር ፈልጎ የሚመጣ ሰው ነው የሚጠፋው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። እኔ ቤት ሰው «እትዬ፣ ይህችን ፊደል እንዴት ነው የሚያስጽፏት?» ብሎ ሲመጣ ያን ቀን ወገቤ እንኳ አያመኝም።

ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና ትንሽ ስኳር ግዛ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በራቸውን አንኳኳ። «እማማ፣ ቡና መቁላት አልሆነልኝም፤ ያሳዩኛል?» በላቸው። ምናልባት መጀመሪያ ይጠራጠሩህ ይሆናል። ቆየት ብለው ግን ምጣዱን ያወጣሉ። ስትቆላ ታሳርረዋለህ፣ ይቆጡሃል። ሲቆጡህ ደስ ይበልህ፤ የማይቀርቡትን ሰው ማንም አይቆጣም። የልጆቻቸውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ታይ ይሆናል። ማን ማን እንደሆኑ ጠይቃቸው። ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስም አትነሣ።

ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።