ጠዋት ዜሮ አልይዝ ለሚለው ጋዝ አናላይዘር፣ ቦርድ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ያለው የመኪና ጭስ መመርመሪያ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ ይዘላል፣ ዜሮ አልይዝ ይላል፣ በእጄ ያለው ቮልቲሜትር ብቻ ነው፣ ቦርዱን ልቀይር ወይ ብለሃል። አትቀይር! ይህን ሳትጨርስ ብር አታውጣ። እኛም እዚያው ከተማ ያየነው ይህንኑ ነው። ማጣሪያውንና የውሃ መያዣውን አይተሃል ብዬ ልለፈው።

1. የቮልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ የመሣሪያው ብረት ቦዲ ላይ አታሳርፍ። ቦዲውና የቦርዱ ግራውንድ (ቮልቴጅ የሚለካበት ዜሮ ነጥብ) ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። 7805 ሬጉሌተር (5 ቮልት አስተካክሎ የሚያወጣው ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ካለ መካከለኛውን እግር ያዝ፣ ግራውንዱ እሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ስዊቺንግ (ያለ ትልቅ ከባድ ትራንስፎርመር የሚሠራ) ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ 310 ቮልት ገደማ አለ፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል።

2. ፓምፑ እየሳበ ለካ። ያለ ጭነት ሙሉ የሚመስል ቮልቴጅ ፓምፑ ሲነሳ ይወርዳል። የ7805 መውጫ ከ4.8 እስከ 5.2 መሆን አለበት። መግቢያው ከ7 ቮልት በታች ከሆነ ሬጉሌተሩን አትውቀሰው፣ ችግሩ ከሱ በፊት ነው።

3. ዋናው ይሄ ነው። ቴስተሩን (ቮልቲሜትርህን) ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኃይል) አዙረህ ያንኑ የዲሲ (ቀጥተኛ ኃይል) መስመር ለካ፤ ሳይጣራ የቀረ ኤሲ ካለ ያሳይሃል። ርካሽ ቴስተር ዲሲውንም አብሮ ቆጥሮ ያሳስታል፤ ስለዚህ ከቀዩ ገመድ ጋር በተከታታይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ካየህ ደህና ነው። የኛው ባለ ትራንስፎርመር ነበር፣ ጠዋት 5 ቮልቱ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ኤሲ ተቀምጦበት አገኘሁ። ቀትር ላይ ጠፋ።

ይህን ሳላገኝ በፊት ግን መሣሪያውን አዲስ አበባ ወደ አስመጪው ጥገና ክፍል ወስደነው ነበር። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሰኩት፣ ሠራ፣ «ምንም የለበትም» ብለው መለሱን። ደብረ ብርሃን ሲያድር ያው ሆነ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንወስደው ሳይከፍቱት «ቦርዱ ሞቷል» ብለው ፕሮፎርማ ጻፉ። የትኛው ቮልቴጅ ጎደለ ብዬ ብጠይቅ «አንተን ምን አገባህ» አለኝ ሰውየው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለመጣ ሰው አንድ ልኬት ማሳየት ምን ይከብዳል? ዋጋውን ያየው የጋራዡ ባለቤት ደግሞ ሊከፍል ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት።

ምክንያቱ ብርዱ ነው። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል። የቀረው ደግሞ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ኤሲውን ማጣራት ያቅተዋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቀዋለህ። ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢሆን ይህ ጥፋት ለወራት ተደብቆ ይቆይ ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ጠዋት የተጠረጠረውን ካፓሲተር በፀጉር ማድረቂያ በስሱ አሙቀው፣ ገመዱን ሳታነሳ ቁጥሩን ተመልከት። ኤሲው ከወረደ ያዝከው። ስትቀይር ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት። ነጩ መስመር ኔጌቲቭ ነው። እኔ ከመርካቶ ገዝቼ ቀየርኩት፣ ያ «ሞቷል» የተባለ ቦርድ ዛሬም መኪና ይመረምራል። እኮራበታለሁ።

ኃይሉ ተስተካክሎም ዜሮ ካልያዘ የኦክስጅን ሴንሰሩን በሚሊቮልት ለካ። ብዙዎቹ የዚህ መሣሪያ ሴንሰሮች አዲስ ሲሆኑ በባሕር ጠረፍ ግፊት በንጹህ አየር ከ9 እስከ 13 ይሰጣሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያ ዝቅ ይላል። የአየር ግፊቱንም እስክሪኑ ላይ እይ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ስለሆነ 720 ሚሊባር ገደማ ማለት አለበት፤ 1013 ካለህ የባሕር ጠረፍ ግፊት ነው የሚያሳይህ፣ የግፊት ሴንሰሩን መስመር ተከታተል።

የኤሲውን ቁጥር ጠዋት መሣሪያውን ስታበራና ቀትር ላይ ለካና ከፓወር ሰፕላዩ ፎቶ ጋር እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።