መልስ፦ ፕሮቶን እያለ እርሳስ የተባለውን ብረት ማጋጨት ለምን?

ወንድሜ፣ «ሰርን (የአውሮፓ የኒውክለር ምርምር ማዕከል) ፕሮቶን እያጋጨ እርሳስ መጨመር ምን አስፈለገው?» ላልከው፣ ዓላማው ይለያያል። በፕሮቶን በዋናነት አዲስ ቅንጣት ይታደናል። የእርሳስ ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) ግን 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን ታጭቆበታል። ሁለት እንዲህ ያሉ ኒውክለሶች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው ሲላተሙ ፕሮቶኖቹ ራሳቸው ይቀልጡና በውስጣቸው ያሉት ኳርክ የተባሉ ቅንጣቶችና እነሱን የሚያጣብቀው ግሉዮን ለቅጽበት ነፃ ይወጣሉ። ዩኒቨርስም ከቢግ ባንግ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ማይክሮሰከንዶች እንዲህ ነበር።

ጉዱ ምን መሰለህ? ብዙዎች ጋዝ ሲጠብቁ ይህ የቀለጠ ነገር ፈሳሽ ሆኖ ቁጭ! ኒውዮርክ ያለው ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ወርቅ አጋጭቶ ይህን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

እኔን የሚማርከኝ ማስረጃ ግን ጄት ነው። ሁለት የቅንጣት ጅረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈነጠቃሉ። አንዱ ቶሎ ያመልጣል። ሌላው በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ አቅሙ ተሟጦ ይወጣል። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ብዮርከን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 አንስቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርን እርሳስ ማጋጨት ሲጀምር በግልጽ ታየ።