አንቱታው የት ላይ ይውደቅ?

ጥያቄ፦ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም እየጻፍኩ ነው። አከራይዋ ሴት ናት፣ ተከራዩ ወንድ። በውኃ ሒሳብና በማታ በር ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ይዋደዳሉ። ሲጀምሩ «እርስዎ» ይባባላሉ። «እወድሃለሁ» እስክትለው ድረስ በአንቱታ ባቆያቸው ያስኬዳል? ወይስ ቀደም ብዬ ወደ «አንተ» እና «አንቺ» ልለፍ? ጓደኞቼ «ተመልካች ልብ አይለውም፣ ዝም ብለህ ጻፍ» ይሉኛል።

መልስ፦ ጓደኞችዎን በዚህ አይስሟቸው። የአማርኛ ተመልካች ማን ማንን አንቱ እንዳለ ሳይታወቀው ይከታተላል፤ ያለ ምክንያት ሲቀየር ደግሞ ንግግሩ ይሻክረዋል። እስከ «እወድሃለሁ» መቆየቱንም አልመክርም። በአንቱታ ቢሆን «እወድዎታለሁ» ነበር የምትለው። እዚያ ላይ «እወድሃለሁ» ካለች መውደዷንም አንቱታውን መተዋንም በአንድ ቃል አወረደችው ማለት ነው፤ ተመልካች የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛው ያመልጠዋል። ከሁለቱ የሚበልጠው ግን፣ እንደ እኔ፣ ሁለተኛው ነው።

አንቱታው በጠቡ መሀል ይውደቅ። በአማርኛ «እርስዎ» የሚባል ሰው «አንተ» የሚባለው ወይ ሲቀርቡት ነው ወይ ሲቆጡት። የፍቅር ኮሜዲ ደግሞ ጠብና ፍቅር የተምታቱባቸው ሰዎች ታሪክ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሁለት ፊት ያለው ነገር ተፈልጎም አይገኝ። ቧንቧ ተከፍቶ ተረስቶ ግቢው ውኃ በውኃ ሆኗል እንበል፦

«የከፈቱት እርስዎ ነዎት።»
«እኔ? ከጠዋት ጀምሮ ቤት የነበርከው አንተ አይደለህ እንዴ!»
«አንተ አሉኝ?»
«አዎ፣ አልኩህ!»
«እንግዲያው ስሚኝ...»

«ይስሙኝ» ለማለት አፉን የከፈተ ሰው «ስሚኝ» ሲል አዳራሹ ይስቃል። ሁለቱም በንዴት ወርደዋል፤ ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ነው። ወደ «እርስዎ» ቢመለሱ ቂም ይመስላል። በ«አንተ» ቢቀጥሉ መቀራረባቸውን ማመን ሊሆን ነው። ታዲያ እንዲህ የተቸገረ ሰው በአማርኛ ምን ያደርጋል? ማንንም ሳይጠራ ይናገራል። «ምሳ ተበላ?»፣ «ሻይ ይፈላ?»፣ «ውኃ መጣ እንዴ?»፣ «እንግባ?»። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አንተም አንቺም እርስዎም የለም። ይህን የማምለጫ ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዕድሜውን መገመት ካቃተን ሰው ጋር፣ ከአዲስ አለቃ ጋር፣ ከአማት ጋር ተናግረነዋል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲሸሹ ያሳዩን፤ መዋደዳቸውን እነሱ ሳያውቁት እኛ እናውቃለን። በፊልሞቻችን ይህ ትዕይንት በብዛት አለመኖሩ በእውነት ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። አንቱታ ጾታ የለውም። «ይክፈቱልኝ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ማታ ማታ በሩን ሲያንኳኳ «ይክፈቱልኝ» ሲል የከረመ ሰው አንድ ምሽት «ክፈቺልኝ» ካለ፣ ቋንቋው ራሱ ሴትነቷን ያለ ጠብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ። ተዋናዩ ድምፁን መለወጥ አያስፈልገውም፣ «ቺ» ብቻዋን ትበቃለች።

ከእህቷ ጋር ስታወራም ተመሳሳይ ዕድል አለዎት። ለወራት «ተከራዩ መጡ፣ ወጡ» ስትል የከረመች ሴት «መጣ» ካለችና እህቷ «ማን ነው የመጣው?» ብላ ቀና ካለች፣ ስለ ፍቅር ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልጋትም።

«አንቱ አትበለኝ፣ አስረጀኸኝ እኮ» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ይጠቅምዎታል። ልብ ይበሉ፤ «አትበለኝ» ስትለው እሷ ቀድማ ወርዳለች። «አንቱ አይበሉኝ» ካለችው ግን እሷ ከላይ እንደቆመች እሱን ውረድ እያለችው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሴቶች ናቸው፤ የእርስዎ አከራይ የትኛዋ እንደሆነች ይወስኑ።

ትዕይንቶችዎን ከእንግሊዝኛ ፊልሞች ቀድተው ከሆነ ይህን ሁሉ እዚያ አያገኙትም፤ የዛሬ እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። ድሮ ግን እንደ «አንተ» ያለ «thou» እና እንደ «እርስዎ» ያለ «you» ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1600 በታተመው የሼክስፒር ኮሜዲ «Much Ado About Nothing» ውስጥ ቢያትሪስና ቤነዲክ በነገር ሲወጋጉ የሚውሉ ናቸው። እሷ ብቻዋን ስትሆን በሌለበት «አንተ» ትለዋለች፤ ፍቅራቸውን በሚገልጡበት ትዕይንት እሱ ወደ «አንቺ» ሲወርድ እሷ ፊት ለፊቱ በአክብሮቱ ትጸናለች። የዘውጉ አባቶች መሣሪያውን ያውቁት ነበር ማለት ነው። በእኛም ቢሆን ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ «ያላቻ ጋብቻ» የተባለውን ተውኔት ሲጽፍ የኮሜዲው ነዳጅ የማዕረግ ልዩነት ነበር፤ አንቱታ ደግሞ የማዕረግ ልዩነት በአፍ የሚነገርበት መንገድ ነው።

ይህ ምክር ለሁሉም ታሪክ አይሠራም። ሁለቱም የሃያ ሁለት ዓመት የአዲስ አበባ ልጆች ቢሆኑ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» «አንቺ» ስለሚባባሉ የሚወድቅ አንቱታ የለም። ታሪኩ ገጠር ወይም ቀደም ያለ ዘመን ላይ ከሆነ ደግሞ ሚስት ባሏን ዕድሜ ልኳን አንቱ ልትል ትችላለች፣ ፍቅሯም እዚያው አንቱታው ውስጥ ነው፤ «የኔ ጌታ፣ ይብሉ እንጂ» ስትል። እዚያ አንቱታውን ካነሱባት ሴትዮዋን ያበላሿታል።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ነገር። ተዋንያን በልምምድ ላይ ሲግባቡ ንግግሩን ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የመሳብ ልማድ አላቸው፤ ከጠቡ በፊት አንድ «ና» ካመለጠች የቧንቧው ትዕይንት ዋጋ የለውም። ስለዚህ እስከዚያ ገጽ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ግስ በቀይ ያስምሩበት፤ ለአዘጋጁም ምክንያቱን ይንገሩት።