ጥርሴ እስኪበቅል ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕድሜዬ 34። ከወር በፊት ቆሎ ስበላ የታች መንጋጋ ጥርሴ ከዳሩ ተሸረፈ። ቀድሞም ትንሽ ተቦርቡሮ ነበር። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠቅ ያደርገኛል፣ ግን ወዲያው ይተወኛል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ በስቴም ሴል ጥርስ እንደገና ማብቀል ተቻለ የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አሳየችኝ። ከማስሞላት ትንሽ ብጠብቅ አይሻልም? የሰባት ዓመት ልጄም የወተት ጥርሱ እየተነቃነቀ ነው። ሲወልቅ ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጥለት?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጠብቁ። ቪዲዮው ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። ግን ያልቦካ ሊጥ ጋግሮ ነው ያቀረበላችሁ።

ስቴም ሴል ማለት ገና ሙያውን ያልመረጠ ህዋስ ነው። ጥርሳችን ውስጥም አለ። እኛ ‹‹ነርቭ›› የምንለው ነገር፣ ጥርሱ ሲከፈት የሚታየው ቀላ ያለ ለስላሳ ሥጋ ነው። የደም ሥሩም ነርቩም ስቴም ሴሉም እዚያው ተጠቅልለው ይኖራሉ። ተመራማሪዎች በአዋቂ ጥርስ ውስጥ ያገኙት በ2000 ነው፤ በወተት ጥርስ ውስጥ ደግሞ በ2003 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)።

በ2018 በወጣ ጥናት፣ የቻይና ሐኪሞች የፊት ጥርሳቸው ተመቶ ነርቩ የሞተባቸውን ልጆች አከሙ። ከየልጁ የወተት ጥርስ ስቴም ሴል ወስደው፣ አባዝተው፣ በሞተው ነርቭ ቦታ ከተቱት። ከዓመት በኋላ የጥርሱ ሥር ረዝሟል፣ ደም ይዞራል፣ ስሜት ተመልሷል። ደስ ይላል። ግን ልብ ይበሉ፣ የተመለሰው የውስጡ ሥጋ ነው። የተሸረፈ ጥርስ አልበቀለም። ለዚያውም የልጆቹ ጥርስ ሥሩ ገና ያልተዘጋ ነበር። የእርስዎ ከተዘጋ ቆይቷል።

ቪዲዮው የጃፓኑንም ሳይቀላቅል አልቀረም። ኪዮቶ ውስጥ በ2024 በሰው ላይ መሞከር የተጀመረው መድኃኒት ነው እንጂ ስቴም ሴል አይደለም። የጥርስን መብቀል የሚገታ ፕሮቲንን ያግዳል። የመጀመሪያው ዙር የሚፈትነው ደግሞ መድኃኒቱ ጉዳት እንደሌለው ነው።

የላዩ ነጭ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ ከሁሉም ያስቸግራል። የሚሠሩት ህዋሶች ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ሥራቸውን ጨርሰው ይሞታሉ። ስለዚህ የተሸረፈው ዳር በራሱ አይመለስም።

አሁን ወደ እርስዎ መንጋጋ። ቀዝቃዛ ሲነካው ጠቅ አድርጎ ወዲያው መተዉ ጥሩ ምልክት ነው፤ ነርቩ በሕይወት ሳይኖር አይቀርም። ራጅ ተነስተው ይረጋገጥ። እንዳልኩት ከሆነ፣ የተበላው ተጠርጎ ወደ ነርቩ የቀረበው ቦታ ካልሲየም ባለው መድኃኒት ይሸፈንና ይሞላል። ከሥሩ ያሉት የራስዎ ህዋሶች ቀስ እያሉ አዲስ የዴንቲን፣ ማለትም ከኢናሜሉ ሥር ያለው የጥርሱ ጠንካራ አካል፣ ግድግዳ ይሠራሉ። ስቴም ሴሎችም እዚህ ውስጥ እጃቸው አለበት። ቲክቶክ ላይ አይወጣም እንጂ፣ ጥርስ ራሱን የሚጠግንበት ሕክምና ይኸውልዎ፤ በማስሞያ ዋጋ።

ይህ የሚሠራው ግን ነርቩ ሳይሞት ነው። ትኩስ ሻይ ቀምሰው ሕመሙ ደቂቃዎች ከቆየ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎ፣ ጊዜው እያለፈ ነው። ያኔ የሚቀረው ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላትና ክራውን (የጥርስ ቆብ) ማልበስ፣ ካልሆነም መንቀል ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን እየገዙ ቀን መግፋት ቀዳዳውን አይደፍነውም። ነጭ ሽንኩርት ጠቅጥቀው ድዳቸው ተልጦ የሚመጡም አሉ፤ እባክዎ ይተዉት። ፊትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎ ወይም መዋጥ ካቃተዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

የልጅዎ ጥርስ? ፍሪጅ ውስጥ ህዋሶቹ ይሞታሉ። እንዲተርፉ ጥርሱ ሳይደርቅ ልዩ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ፣ ከዚያም በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ አለበት። በእኔ ልጅነት ጣሪያ ላይ ነበር የምንወረውረው። ከፍሪጁ ጣሪያው ይሻላል።

ይልቅ የልጁን አፍ ከፍተው ከኋላ ይዩለት። በስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ ‹‹ይሄም ይቀየራል›› ብሎ ይተወዋል። አይቀየርም። ለራስዎ ሲሄዱ እሱንም ይዘውት ይሂዱና ያሳዩት።