«ፋይሉ ሊከፈት አልቻለም»፦ ላምዳን (ሰርቨር ሳትይዙ ኮድ የሚያሠራላችሁን የአማዞን አገልግሎት) ወደ ፓይተን 3.12 ላሻገራችሁ፣ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ የስህተቱን ሙሉ መስመር ለጥፉ። «አልሠራም» ጥያቄ አይደለም።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ከ3.11 ወደ 3.12 ብቻ ነው የቀየርኩት፤ ኮዱን አልነካሁም። «ሊብክሪፕቶ.ኤስኦ.10 ሊከፈት አልቻለም» ይላል። ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሌየር (ከኮዱ ተለይቶ የሚሰቀለው የላይብረሪ ጥቅል) የድሮው ነው።

መላሽ፦ አብሽር፣ ኮድህ ምንም አልሆነም። 3.11 የሚሠራው አማዞን ሊኑክስ 2 ላይ ነው፤ 3.12 ግን አማዞን ሊኑክስ 2023 ላይ። የፊተኛው ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ፤ ሊብክሪፕቶ የእሱ ፋይል ነው) 1.0.2 ስለነበር ፋይሉ በ10 ይጨርሳል፤ አሁን ያለው በ3 ነው። ሌየርህ ውስጥ ያለው ሊብፒኪው (የፖስትግሬስ ማገናኛ ላይብረሪ) ዛሬም 10ን ይጠራል።

ሌየሩን ፍታና እያንዳንዱን የኤስኦ (የላይብረሪ) ፋይል በኤልዲዲ ፈትሽ፤ ፋይሉ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። «አልተገኘም» ያለው ሁሉ ጎዶሎህ ነው። ላምዳ የሚነግርህ መጀመሪያ የጎደለውን ብቻ ስለሆነ አንዱን ሞልተህ ስትሰቅል ሌላው ብቅ ይላል። ፍተሻው በላፕቶፕህ ኡቡንቱ ላይ አይሆንም፤ በላምዳው የ3.12 ዶከር ኢሜጅ (የላምዳን ሲስተም ማሽንህ ላይ በሚያስነሳልህ ጥቅል) ውስጥ ይሁን። እዚያ ፓኬጅ የሚጫነው በዲኤንኤፍ ነው፤ የድሮውን መጫኛ «ያም»ን አትፈልገው።

ከዚያ ሌየሩን እዚያው እንደ አዲስ ሥራው። ዚፑ ሲከፈት «ሊብ» ፎልደር ፊት ለፊት ይታይ፤ «ኦፕት» (ላምዳ ሌየሩን የሚፈታበት ፎልደር) ሥር በቦታው የሚያርፈው ያኔ ነው። ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ፋይሉ እያለ «የለም» ይልሃል። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ካለ ስትዚፕ የ«ዋይ» አማራጩን ጨምር፤ አለዚያ ሁሉም ሙሉ ቅጂ እየሆነ የ250 ሜጋባይቱን ጣሪያ ይበላብሃል።

ከፒያሳ፦ በ3 የሚጨርሰውን ፋይል በሲምሊንክ 10 ብንለውስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ፋይሉ ይገኛል፤ በውስጡ የሚፈለገው የሲምቦል ቨርዥን (በላይብረሪው ተግባሮች ላይ የተለጠፈው የስሪት ምልክት) ግን የለም። ስህተቱን ቀየርከው እንጂ አልፈታኸውም።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ ገና አማዞን ሊኑክስ 2 ላይ ነኝ። «ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም» ይላል፤ ሊብሲ የሚባለው የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ ማለት ነው። ሊብሲን ከሌላ ሰርቨር ልቅዳ?

መላሽ፦ እንዳትቀዳ! ሊብሲ ከሎደሩ (ፕሮግራሙን ከነላይብረሪው ከሚያስነሳው) ጋር ካልገጠመ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይሞታል። ያንተ የጠፋ ፋይል ጉዳይ አይደለም፤ ሲስተሙ ያለው 2.26 ነው። ወይ እዚያው ላይ እንደ አዲስ ኮምፓይል አድርግ፣ ወይ ወደ 2023 ተሻገር፤ እዚያ 2.34 ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኮንቴይነር ኢሜጅ አድርጉትና ተገላገሉ፤ እስከ 10 ጊጋባይት ይፈቀዳል።

ከገራዶ፦ በሞባይል ዳታ 10 ጊጋ የሚሰቅለው ማን ነው? አንተ ትከፍላለህ?

ከቧንቧ ውሃ፦ ይፈቀዳል አልኩ እንጂ ሙላው አላልኩም! ደግሞ የተቀየረው ንብርብር ብቻ ነው የሚሰቀለው።

ከገራዶ፦ የመጀመሪያውንስ?

መላሽ፦ ተዉት። ዳታ ለሚያሳስባችሁ ክላውድሼል (በብሮውዘር የሚከፈት የአማዞን ተርሚናል) አለ፤ እሱም አማዞን ሊኑክስ 2023 ነው፤ የሚወርደው በእነሱ መስመር ነው። የሚቀመጥላችሁ ግን 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ኤልዲዲን ክላውድሼሉ ላይ በቀጥታ አትመኑ፤ ላምዳ ላይ የሌሉ ብዙ ፓኬጆች ተጭነውበታል።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ሌየሩ እንደ አዲስ ተሠራ። አሁን «ሳይኮፒጂ2 ውስጥ ሞጁሉ የለም» አለ፤ ፓይተንን ከፖስትግሬስ የሚያገናኘው ፓኬጅ ነው።

መላሽ፦ ይሄ የፓይተኑ ነው። እንዲህ ያለ ለ3.11 ኮምፓይል የተደረገ ዊል (ተዘጋጅቶ የሚወርድ የፓይተን ፓኬጅ) ለ3.12 አይገባም፤ እሱንም እዚያው ኢሜጅ ውስጥ በፓይተኑ መጫኛ በፒፕ ጫነው።

ከፒያሳ፦ ሊብኤስኤስኤልንስ በሲምሊንክ...

መላሽ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

ከኮምቦልቻ፦ ጓደኛዬ ማክ ላይ ዚፕ አድርጎ ሰቅሎ «ኢንቫሊድ ኢኤልኤፍ ሄደር» ይለዋል።

መላሽ፦ የማክ ፋይል ነው የሰቀለው፤ ኢኤልኤፍ የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ዓይነት ነው። ዶከር ውስጥ ይሥራው፤ ማኩ ኤም ቺፕ ከሆነና ላምዳው ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ዓይነት) ከሆነ የዶከሩን ፕላትፎርም ኤኤምዲ64 ይበለው፤ ያው የኤክስ86 ሌላ ስሙ ነው።