ደብዳቤውን ከባለቤቴ ደበቅሁት

ሰሞኑን ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እናት ጻፈችልኝ። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አላቸው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት «እነዚህን የተረት መጻሕፍት ልናነብ ነው፣ ልጃችሁ እንድትገኝ ካልፈለጋችሁ አሳውቁን» የሚል ወረቀት መጣ። በአንዱ መጽሐፍ ሁለት ወንዶች ይጋባሉ። በሌላው ሴት ሆና የተወለደች ልጅ «እኔ ወንድ ነኝ» ትላለች። ባልና ሚስት ተስማምተው «አትገኝም» ብለው ፈረሙ። እስከዚህ ጠብ አልነበረም።

ጠቡ የመጣው በኋላ ነው። አባት የሌሊት ሥራ ከመሄዱ በፊት በየቀኑ ልጅቷን አስቀምጦ «ዛሬ ምን አስተማሩሽ? ማን ምን አለሽ?» ይላታል። ልጅቷ ስለ ትምህርት ቤት ማውራት እየተወች መጣች። አንድ ቀን የቅርብ ጓደኛዋ ሁለት እናቶች እንዳሏት አፏን አዳልጧት ተናገረች። አባት ጮኸ። «ክረምት ላይ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ትሄዳለች፣ አለቀ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወረቀት መጥቷል፤ እናት ሁለቱንም ከሽሮው ዕቃ ስር ደበቀቻቸው። ልጅቷ ደግሞ አንድ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና «ማሚ፣ ጓደኛዬ መጥፎ ናት እንዴ?» ብላ ጠየቀች፣ እናት መልስ አጣች። «እኔም እንደ እሱ ሃይማኖቴን እወዳለሁ፣ ግን ቤቴ እየፈረሰ ነው፣ ማናችን ነን ልክ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። መፈረማችሁ ጥፋት አይደለም፤ ማንም አክራሪ ብሎ ሊያሸማቅቃችሁ አይገባም። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ይህ መብት በቀላሉ አልመጣም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች እነዚህን መጻሕፍት ያስገቡት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። መጀመሪያ ላይ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ይችል ነበር፤ በመጋቢት 2023 ግን ያ ቀረ። በዚያ ዓመት የካውንቲው መቀመጫ በሆነችው ሮክቪል ሰልፍ ከወጡት ውስጥ ሙስሊም ወላጆችና የእኛ የኦርቶዶክስ እናቶችና አባቶች ጎን ለጎን ነበሩ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሰሱ፣ በሁለት ፍርድ ቤቶች ሳይሳካላቸው ቀረ፣ ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2025 ዳኞቹ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለወላጆቹ ወሰኑ፤ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያሳውቅ፣ ልጃቸውን ማስወጣት ለሚፈልጉም ይፍቀድ አሉ። እጅሽ የገባው ወረቀት የዚያ ውጤት ነው።

ግን ፍርድ ቤቱ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ይውጡ አላለም። ልጅሽ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅም የትም አትሄድም። ነገም ምሳ አብረው ይበላሉ፣ ነገም ገመድ አብረው ይዘላሉ። ባለቤትሽ አንድ ወረቀት ላይ ሲፈርም ይህ ሁሉ ከልጁ ዓይን የሚርቅ መስሎት ይሆናል። ስላልራቀ ነው አሁን ልጅቷን ራሷን ማራቅ የፈለገው።

እሱን ክፉ አላደርገውም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ለእሷ ነው። ቋንቋውን ልጁ ከእሱ በተሻለ በምትናገርበት አገር፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን የሚሰማው ከሰው ወሬና ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ እና አንድ ቀን ልጄ አታውቀኝም ብሎ ይፈራል። ብዙ አባቶች ይህን ፍርሃት እንደ ቁጣ አድርገው ነው የሚያወጡት። ቁጣ ይቀላል፣ «ፈራሁ» ማለት ይከብዳል።

ነገር ግን ልጅቷ ላይ የሆነውን እዪ። በየማታው ትመረመራለች። የ8 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ሰው ሲቆጣ ጥፋቱን ወደ ራሷ ነው የምትወስደው። «አባዬ ትምህርት ቤቱን ነው የተቆጣው» ብላ አትለይም። አባቷ የጮኸው እሷ ስለተናገረች ነው፤ ስለዚህ ያገኘችው መፍትሔ አለመናገር ነው። አንቺ ደግሞ ወረቀት ትደብቂያለሽ። ወላጆች ትምህርት ቤት እንዳይደብቀን ብለው እስከ ዋሽንግተን ሄደው በተከራከሩበት ጉዳይ፣ አሁን እቤታችሁ ውስጥ ልጅ ከአባት ትደብቃለች፣ ሚስት ከባል ትደብቃለች። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ስትጠይቂኝ «ማን ነው ልክ» ብለሻል፤ በፊርማው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በዝምታው ግን ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብዬ አስባለሁ።

ምርመራው ይቁም። እሱ ማወቅ መብቱ ነው፣ ግን የሚጠየቀው አስተማሪዋ እንጂ ልጅቷ አይደለችም። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ ይመደብልን ብላችሁ ቀጠሮ ያዙና ሁለታችሁም ሂዱ። ልጅቷን አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዳትወስዷት፣ አደራ! ምን ይነበባል፣ መቼ ይነበባል፣ በዚያ ሰዓት እሷ የት ነው የምትቀመጠው ብሎ እሱ ይጠይቅ። ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሷት። ኮሪደር ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ እንደተቀጣች ነው የሚሰማት፤ ሌላ መጽሐፍ ይዛ፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቧ ሆኖ ብታነብ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አዲስ አበባ መላኩን በሚመለከት፣ አያቷን ልትጠይቅ ብትሄድ ደስ ይለኛል። እንደ ቅጣት ከሆነ ግን አይሆንም። ልጅቷ የምትረዳው «ጓደኛዬን ስለወደድኩ ከቤት አባረሩኝ» ብላ ነው፣ ያንን ደግሞ አያት ምንም ብታቆላምጣት አታወጣውም።

አሁን ወደዚያች የማታ ጥያቄ። ሳትመልሺላት መቅረትሽ ያሳዝናል እንጂ አልመሸም። ነገ ፀጉሯን ስትሠሪላት ራስሽ አንሺላት። «ያን ቀን ጠይቀሽኝ ዝም አልኩሽ፣ ምን እንደምልሽ ስላላወቅሁ ነው። ጓደኛሽ መጥፎ አይደለችም። እኛ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብለን እናምናለን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያስተማረችን ይህንን ነው። የእሷ ቤት ሌላ ነው። አንቺ ከእሷ ጋር ተጫወቺ፣ አክብሪያት፣ ማንም ቢሰድባት አብረሽ እንዳትሰድቢ» በያት። እምነትሽን አልሸሸግሽም፣ ጓደኛዋንም አላዋረድሽም። ልጅቷ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ትችላለች፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ይችላሉ። እያደገች ስትሄድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ምናልባትም ስለ ራሷ ይሆናል። ያኔ ወደ ማን ትሂድ? ወደ አንቺ እንድትመጣ ከፈለግሽ አሁን በዚህች ትንሽ ጥያቄ እንዳታፍር አድርጊያት።

ከባለቤትሽ ጋር የሚደረገውን ንግግር ግን ሥራ ሊወጣ ጫማ እያሰረ አትጀምሪው። እረፍቱ መቼ ነው? የዚያን ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች ቡና አፍይና ተቀመጡ። ሁለቱን ወረቀቶች ከሽሮው ዕቃ ስር አውጥተሽ ፊቱ አስቀምጪ። «ደብቄህ ነበር። አንተን ንቄ ሳይሆን ጩኸትህን ፈርቼ ነው» በዪው። መጀመሪያ ይቆጣል፤ ታገሺው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «እሷ 15 ዓመት ሲሞላት ችግር ቢገጥማት ለማን እንድትነግር ነው የምትፈልገው?» ብለሽ ዝም በይ። እስኪመልስልሽ ጠብቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትፈሪው ከጩኸት ያለፈ ነገር ከሆነ፣ እጅ ማንሳት ካለበት፣ ይህ ምክር ለእሱ አይሆንም። ብቻሽን አትጋፈጪው፤ መጀመሪያ የምታምኚው ሰው ይወቅ፣ ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ።